የሂሳብ ቀን ለምታዘጋጂው መምህርት፦ ኬክ እንዳታዢ

«የ3ኛ ክፍል መምህርት ነኝ፣ የሂሳብ ቀን አዘጋጂ ተብያለሁ፣ ልጆቹ በእጃቸው የሚሠሩት ነገር ጠቁሙኝ» ላልሽው እህቴ። በጀት እንዳልሰጡሽ ሳትነግሪኝ አውቃለሁ። እኔንም «አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ታሳምሪዋለሽ» ብለው ነው የሸኙኝ። ሙገሳ ከበዛ ገንዘብ የለም ማለት ነው።

1. ከሁሉ በፊት ቀኑ። ዩኔስኮ ማርች 14ን የዓለም የሂሳብ ቀን ያለው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካኖች ወሩን አስቀድመው 3/14 ብለው ስለሚጽፉ 3.14ን፣ ፓይን፣ ያስታውሳቸዋል። ፓይ የክብ ነገር ዙሪያ የመሐል ስፋቱን ስንት ጊዜ እንደሚሆን የሚነግረን ቁጥር ነው። በእኛ አቆጣጠር ያ ቀን መጋቢት 5 ነው። 5/7 ደግሞ ማንንም ምንም አያስታውስም። ልጆቹ «ቲቸር፣ 3.14 የቱ ጋ ነው?» ሲሉኝ የማደርገው ጠፋኝ። አንቺ መጋቢት 22 አድርጊው። እኛ ቀኑን አስቀድመን ነው የምንጽፈው፣ መጋቢት ሰባተኛው ወር ነው፣ ስለዚህ 22/7 ይሆናል። እኛስ ፓይን የሸመደድነው በ22/7 አልነበር? ይህን ራሴ ነኝ ያሰብኩት። ያመሰገነኝ ግን የለም።

2. የሚበላ ነገር። እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም 4,200 ብር ከኪሴ የወጣው እዚህ ነው። ፈረንጆቹ ፓይ የሚሉት ምግብ ስሙ ከቁጥሩ ጋር ስለሚገጥም ያን ቀን ይበሉታል። እኔም ኢንተርኔት ላይ አየሁና፣ ፓይ ከየት ይመጣል ብዬ ሁለት ክብ ኬክ አዘዝኩ። ላዩ ላይ የፓይን ምልክት እንዲሠሩልኝ በወረቀት ስዬ ሰጠሁ። የኬክ ቤቱ ልጅ «በ» መስሎት አሳምሮ «በ» ጽፎልኝ ጠበቀኝ። ይሁን አልኩ።

ያልታየኝ ቀኑ ነው። 2016 ዓ.ም. ነበር። ሁዳዴም ረመዳንም በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ የገቡበት ዓመት። እኔ መጋቢት 5፣ ጾሙ በገባ በአራተኛው ቀን፣ ቅቤና እንቁላል ያለበት ኬክ ይዤ ክፍል ገባሁ። ራሴ እየጾምኩ! በምን ልቤ እንዳዘዝኩት እስከዛሬ አይገባኝም። ትልልቆቹ ልጆች እጃቸውን አጣጥፈው ኬኩን ያያሉ፣ ትንንሾቹ ይቁለጨለጫሉ። ሦስት ልጆች በሉ። የአንዷ እናት በማግስቱ መጥተው፣ እኔን ሳያናግሩ፣ ቀጥታ ቢሮ ገቡ። እውነታቸውን ነው፣ አልፈርድባቸውም። የምፈርደው አለቃዬ ላይ ነው። ሐሳቡን ያጸደቀው እሱ፣ ፎቶ የተነሣው እሱ፣ «ያለ እኔ ዕውቅና የተደረገ» ብሎ የጻፈልኝም እሱ። ኬኩን ለጥበቃው ብሰጣቸው «ልጄ፣ በሁዳዴ?» አሉኝ።

የግድ የሚበላ ካልሽ ድፎ ዳቦ፣ በዘይት። ክብ ነው፣ ለግማሽ፣ ለሩብ፣ ለስምንተኛ ይቆረጣል፣ የክፍልፋይ ትምህርቱ ያልቃል። ድርሻቸውን ጠቅልለሽ ወደ ቤት ስደጂው፣ የሚጾመው በሰዓቱ ይብላ።

3. ሲባጎ። የበዓሉ ዋና ነገር ይህ ነው። ክብ ነገር በሙሉ ይምጣ፤ ሰፌድ፣ አክንባሎ፣ ባልዲ፣ ጎማ። ሲባጎውን ከዳር እስከ ዳር በመሐል አሳልፈው ይለኩና ይቆርጡታል። ከዚያ በተቆረጠው ዙሪያውን ይለካሉ። ሦስቴ ይሄድና ትንሽ ክፍተት ይቀራል። በሰፌድም በጎማም ሦስቴና ትንሽ። ለ3ኛ ክፍል ፓይ የሚል ስም አያስፈልግም፣ «ሦስትና ትንሽ» በቂ ነው። የሹራብ ክር ግን እንዳትሞክሪ። ይለጠጣል። የእኔ አንዱ ቡድን ሁለት ተኩል አገኘ፣ ሌላው አራት፣ ሊደባደቡ ነበር። የሻይ ሳህንም አይሆንም። ክፍተቷ በጣም ትንሽ ስለምትሆን የእጅ ስህተት ይበላታል።

ሲባጎ ስል ንብረት ክፍሉ ትዝ አለኝ። በ2017 መጋቢት 22 ለማክበር ሁለት ጥቅል ጠየቅኩ። ሰውዬው ካላንደሩን ገልብጦ «ዛሬ ምን በዓል ነው? እዚህ የለም» አለኝ። 22/7 ነው አልኩት። «ሃያ ሁለት ሲካፈል ሰባት ብለሽ መጠየቂያ ሙዪ፣ ሦስት ፊርማ አስፈርመሽ ነይ» ብሎ ሳቀብኝ። ከሱቅ ገዛሁት። ሳትጠይቂያቸው ግዢ፣ ቀንሽን አታቃጥዪ።

ያን ቀን ነው እንግዲህ፣ አባቱ ባጃጅ የሚነዳ አንድ የ5ኛ ክፍል ልጅ፣ ዓመቱን ሙሉ እጁን አውጥቶ የማያውቅ፣ አሮጌ የባጃጅ ጎማ እያንከባለለ የመጣው። ሦስቴ ለካ፣ የቀረችውን ክፍተት በሌላ ሲባጎ ለክቶ ቆረጣት። ከዚያ ማንም ሳይነግረው ያቺን ቁራጭ በረጅሙ ሲባጎ ላይ እየደረደረ መቁጠር ጀመረ። ሰባት ላይ ሲደርስ ሞላች። «ቲቸር፣ ሰባት ትንንሽ አንድ ትልቅ ነው» አለኝ። ሦስት ትልቅ ሃያ አንድ ትንሽ፣ አንዷ ስትጨመር ሃያ ሁለት። ሰሌዳው ላይ የዕለቱ ቀን 22/7 ተብሎ ተጽፏል። እሱ ቀና ብሎ አየው፣ እኔ ደግሞ ፊቴን ወደ መስኮት አዞርኩ፣ ልጆቹ እንዳያዩኝ።

ቁጥሩ ስንት ደረሰ? ብቻ ገበጣም አለ። የእንቁላል ካርቶን ቆርጠሽ ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ። ሕጉን ቀድመሽ አስማሚያቸው፣ ሁሉም «እኛ ቤት እንዲህ ነው» ይላል። ጠጠሩ ቆርኪ ይሁን። እኔ ሽምብራ ሰጥቼ አንዱ አፍንጫው ውስጥ ከትቶት ጤና ጣቢያ ሮጠናል። የግዕዝ ቁጥርም በካርድ ይሠራል። 105ን አጽፊያቸው፣ ፻፭ ነው። «ዜሮዋ የታለች?» ማለታቸው አይቀርም፣ ለራሳቸው ተዪው። የገበያ ጨዋታውን ሁሉም ስለሚያውቀው አልገባበትም።

ጎማ የሚያመጣ ልጅ ካለሽ ግን አስቀድሞ ይታጠብ። የእኔ ነጠላ ጥቁሩ እስካሁን አልለቀቀም።