ፈንገስ ተክል ውስጥ እንዴት ይገባል? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የሰብል በሽታ ነው ሥራዬ። ፈንገስ ተክል ውስጥ የሚገባባቸው አካላት ከየት እንደመጡ ጠይቁኝ። አንድ ነገር አደራ፦ የትኛው በሽታ እንደሆነ ለይታችሁ ጠይቁ።

ተማሪው፦ አፕረሶሪየም የሚባለው በዝግመተ ለውጥ አንዴ ነው የመጣው?

መልስ፦ አይደለም፣ በተለያዩ የፈንገስ ወገኖች ለየብቻ መጥቷል። የሩዝ ብላስት የሚባለውን የሩዝ በሽታ ፈንገስ እንይ። ስፖሩ (የሚራባበት ብናኝ) ቅጠል ላይ አርፎ ይበቅላል፣ ጫፉ ላይ ጉልላት የመሰለ ሕዋስ ይሠራል። ይህ ነው አፕረሶሪየም። ግድግዳው ሜላኒን የሚባል ጥቁር ቀለም ይለብሳል፣ ውስጡ ግሊሰሮል ይጠራቀማል፣ ግሊሰሮሉ ውሃ ይስባል። ግፊቱ እስከ 8 ሜጋፓስካል ይደርሳል፤ የመኪና ጎማን 40 እጥፍ ያህል ማለት ነው። በዚያ ግፊት ቀጭን ክር ቅጠሉን ይበሳል። ሜላኒን መሥራት ያቃተው ብላስት ጤነኛ ቅጠል መብሳት አይችልም። ይህን ሁሉ የሚያስጀምረው ፒኤምኬ1 የሚባል ጂን ነው፤ እርሾም ዘመዱ የሆነ ጂን አለው፣ የሚጠቀምበት ግን ለመዳቀል ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት የራሱ ጂን የተነቀለበት እርሾ የብላስቱን ጂን ሲሰጠው መዳቀል ቻለ። ፈንገሱ ከባዶ አልተነሳም፣ በእጁ የነበረውን ለሌላ ሥራ አዋለው። ሁሌም የምለው ይህንን ነው።

ገበሬው ከአርሲ፦ ስንዴዬ ቢጫ ሆነብኝ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ በጣትህ ስታብሰው ዱቄት ይቀባሃል? ከቀባህ ዋግን ጠርጥር፣ ካልቀባህ ሌላ ምክንያት ፈልግ። ናይትሮጅን ያነሰውም፣ ውሃ የተኛበትም ስንዴ ቢጫ ይሆናል። ሳትለይ አትርጭ።

ሄለን፦ የስንዴ ግንድ ዋግም በግፊት ነው የሚበሳው?

መልስ፦ ስንዴው ላይ የሚያርፈው ቀይ ስፖር አይበሳም፣ በስቶማታ፣ ማለትም በተክሉ መተንፈሻ ቀዳዳ ነው የሚገባው። ቀዳዳውን እንዴት እንደሚያገኝ ግን ተመልከቺ። የቦሎቄ ዋግ ላይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙት ሙከራ አለ። ፕላስቲክ ላይ ግማሽ ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ያህል ከፍታ ያለው ጠርዝ ሠሩለት። ቅጠል የለም፣ ሽታ የለም፣ ምግብ የለም። ክሩ ጠርዙን ሲነካ ቆሞ አፕረሶሪየም ሠራ! የስቶማታው ከንፈር ከፍታ ልክ ያን ያህል ስለሆነ ነው። በዳሰሳ ብቻ ነው የሚያውቀው። ቢጫ ዋግ ደግሞ ግልጽ አፕረሶሪየም እንኳ የለውም፣ ክሩ ቀጥ ብሎ ይገባል። ለዚህ ነው ለዩ የምለው።

ዳዊት፦ የድንች ብላይትም እንደዚሁ ነው፣ እሱም ፈንገስ ነው።

ሄለን፦ ፈንገስ አይደለም፣ ኦማይሲት ነው።

ዳዊት፦ እኛ ፈንገስ ተብለን ነው የተማርነው። የሚረጨውም ፀረ ፈንገስ ነው!

ሄለን፦ የሚረጨው ነገር ዘሩን አይለውጠውም።

መልስ፦ ሄለን ትክክል ናት። ኦማይሲት ለቡናማ የባሕር አልጌ ነው የሚቀርበው። ዳዊት ግን ሳያስበው ዋናውን ነገር አነሳ። ብላይቱም ሃውስቶሪየም የሚባል መመገቢያ አካል አለው፣ ዋግም አለው፣ ዝምድና ግን የላቸውም። ለየብቻ ነው የደረሱበት። ሃውስቶሪየም የተክሉን ሕዋስ ግድግዳ አልፎ ይገባል፣ የሕዋሱን ሽፋን ግን አይቀድም፤ ሽፋኑ ዙሪያውን ይታጠፍለታል። ሕዋሱ በሕይወት እያለ ምግቡን ይወስድበታል።

ተማሪው፦ ታዲያ ዲገሉ የሚባለው የስንዴ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሌና አርሲ ላይ ለምን በግንድ ዋግ ተመታ?

መልስ፦ ዋግ በሃውስቶሪየሙ በኩል የተክሉን መከላከያ የሚያዳክሙ ፕሮቲኖች ይልካል። የዲገሉ ዋና መከላከያ ኤስአርቲኤምፒ የሚባል አንድ ጂን ነበር። ሥራው ግንድ ዋጉን ለይቶ ማወቅ ነው። ያ ጂን የማያውቀው የግንድ ዋግ ዘር መጣ፣ በቃ። ሰፊ መሬት በአንድ ጂን ላይ አታስደግፉ እያልን ነው።

አበበ፦ ለቢጫ ስንዴ ምን ይረጫል?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል፣ አንብበው።

ማርታ፦ የጫካ እንጉዳይ ይበላል?

መልስ፦ የዛሬው ርዕስ አይደለም። የማታውቂውን አትብዪ።

የጅማው ልጅ፦ የቡናውስ?

መልስ፦ የትኛው የቡና በሽታ? ሲቢዲ (የቡና ፍሬ በሽታ) ከሆነ ልክ እንደ ሩዝ ብላስት ሜላኒን የለበሰ አፕረሶሪየም ሠርቶ አረንጓዴ ፍሬ ይበሳል። የቅጠል ዋጉ ከሆነ በቅጠሉ ሥር ባለው ስቶማታ ነው የሚገባው። ቅጠሉን ገልብጠህ ብርቱካንማ ዱቄት ካየህ ዋጉ ነው፤ ፍሬው ላይ የሰመጠ ጥቁር ቁስል ካየህ ሲቢዲን ጠርጥር።