ሁለት ሲስተም በአንድ ኮምፒውተር፦ «ፋይሌ ከጠፋ ቤት አትገባም»

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ እንዴት ሰነበቱ፣ ከኮምቦልቻ ነው የምጽፈው። ቤት ያለችን አንዲት ዴስክቶፕ ብቻ ናት፣ 500 ጊጋ ሀርድ ዲስክ፣ 4 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 10። እህቴ በፒችትሪ የነጋዴዎች ሂሳብ ትሰራባታለች፣ እኔ ደሞ ኮምፒውተር ሳይንስ ገብቼ ሊኑክስ ግድ ሆነብኝ። ልጭን ስል «ፋይሌ ከጠፋ እዚህ ቤት አትገባም» አለችኝ። ሁለቱ አብረው ይሆናሉ ወይ? የቱስ ይቀድማል?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ይሆናሉ። ግን እህትህ ልክ ናት። መጀመሪያ ፋይሏን በሙሉ ወደ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ገልብጥላት። «ዲ ላይ አስቀምጬዋለሁ» የሚሉኝ አሉ፣ ዲ እኮ አብዛኛውን ጊዜ የሲ ጎረቤት ነው፣ ዲስኩ አንድ ስለሆነ ሲሄዱ አብረው ነው የሚሄዱት።

የቱ ይቀድማል ላልከው ዊንዶውስ ይቅደም፣ ያንተ ቀድሞም ስላለ ተገላገልክ። ዊንዶውስ ከኋላ ከመጣ ማስነሻውን ለራሱ ይይዝና ሊኑክስን እንደሌለ ይቆጥረዋል፣ ሊኑክስ ግን ግራብ የሚባል ማስነሻ አለው፣ ዊንዶውስን ፈልጎ ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባዋል፣ ከዛ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር የቱን ልክፈት ብሎ ይጠይቅሃል። ሁለቱ ባንዴ ስለማይሰሩ ራም አይሻሙም። ቨርቹዋል ቦክስን (አንዱን ሲስተም ሌላው ውስጥ እንደ ፕሮግራም የሚከፍተውን) ግን በ4 ጊጋ አትሞክረው፣ ሁለቱም ሲያቃስቱ ነው የሚውሉት። ከሊኑክስ አይነቶች ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ላንተ ማሽን ቀለል ይላል፣ ለመጫኛው 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃዋል።

አሁን የሚያስፈራውን ልንገርህ፣ እሱም ዲስኩን ፓርቲሽን ወደሚባሉ ክፍሎች መቁረጡ ነው። ዴስክቶፕ ባትሪ የለውም። እኔ ራሴ አንድ ክረምት ደሴ ላይ የሰው ኮምፒውተር ፓርቲሽን እያንቀሳቀስኩ፣ አቦል ጠጥተን ቶናው ሊቀዳ ሲል መብራት ድርግም አለ፣ የሰውየው የልጁ ሰርግ ፎቶ ግማሹ በዛው ቀረ፣ እስካሁን ፒያሳ ሳየው መንገድ እቀይራለሁ። ስለዚህ ዩፒኤስ ተዋስ፣ ካጣህም ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ስራው።

ከዊንዶውስ ዲስክ ማኔጅመንት ገብተህ ሲን ሽሪንክ አርገህ (አሳንሰህ) 80 ጊጋ ያህል ባዶ ተው፣ ፎርማት አታድርገው። ትንሽ ብቻ እሰጣለሁ ካለህ መሀል ላይ የተቀመጠ የማይንቀሳቀስ ፋይል ይዞት ነው፣ ሃይበርኔትን (የተከፈተውን ስራ ዲስክ ላይ አስቀምጦ የሚተኛበትን) አጥፋና እንደገና ሞክር። ፋስት ስታርታፕንም (ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርገውን) አጥፋ፣ እሱ ካለ ዊንዶውስ ሹት ዳውን ያልከው መስሎህ ግማሹን ተኝቶ ነው የሚያድረው፣ ሊኑክስ ያንን ሲያይ ሲ ላይ ልጻፍ ብትለው እምቢ ይልሃል። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) በርቶ እንደሆነም እይ፣ ከበራ ሪከቨሪ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፍ።

ብዙ ሰው የሚስተው ደሞ ይቺን ነው፦ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ውስጥ ባዮስ ሞድ የሚለው ላይ ሌጋሲ (የድሮው አነሳስ) ነው ወይስ ዩኢኤፍአይ (አዲሱ) የሚለውን አይተህ ፍላሹን በዛው አስነሳ፣ አንዱ በአንዱ ሌላው በሌላው ከተጫኑ ግራብ ዊንዶውስን ላያገኘው ይችላል። መጫን ስትጀምር ከዊንዶውስ ጎን ጫን የሚለውን ምረጥ፣ ኢሬዝ ዲስክ የሚለውን (ዲስኩን በሙሉ የሚያጠፋውን) ግን እጅህ እንዳይነካው፣ ቤት አለመግባት የሚመጣው በሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ የደህንነት አፕዴት ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፣ እኔ ብሆን ዊንዶውሱን ለፒችትሪ ብቻ ትቼ ኢንተርኔቱን ሊኑክስ ላይ አደርገው ነበር፣ እህትህንም ቀስ ብለህ አስለምዳት።

ጥያቄ፦ ከወልድያ ነኝ። ሁለቱን ጭኛለሁ ግን ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ስመለስ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደኋላ ይላል፣ የማዘርቦርዱ ትንሿ ባትሪ ነው እንዴ?

መልስ፦ ባትሪው አይደለም እህቴ፣ አትግዢ። ሊኑክስ የማዘርቦርዱ ሰዓት ላይ የዓለሙን ሰዓት ይጽፋል፣ ዊንዶውስ ደሞ ያንኑ የሀገርሽ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል፣ እኛ ከዓለሙ ሰዓት በ3 ስለምንቀድም ልዩነቱ በትክክል 3 ነው። የኛ የጥዋቱ 12 ሰዓት አቆጣጠር ሲጨመርበት ጭራሽ ግራ ያጋባል! ሊኑክሱን በአንዲት የተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ትእዛዝ የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ ሀገር ሰዓት እንዲያነብ ታደርጊዋለሽ፣ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ከሐይቅ። ሊኑክስ ሰለቸኝና ከዊንዶውስ ሆኜ ፓርቲሽኑን አጠፋሁት፣ አሁን ሲነሳ ጥቁር ስክሪን ላይ ግራብ ሬስኪው ብሎ ቀረ። ዊንዶውሴ ጠፋ?

መልስ፦ አልጠፋም። ያጠፋኸው ቦታ ውስጥ የግራብ ፋይሎችም ነበሩ፣ በረኛውን አባረህ ቁልፉ እሱ ጋር ቀርቶ ነው። ማሽንህ ዩኢኤፍአይ ከሆነ ባዮስ (ኮምፒውተሩ እንደተነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ገብተህ በአነሳሱ ተራ ላይ ዊንዶውስ ቡት ማናጀርን ፊት አድርገው። ሌጋሲ ከሆነ ግን የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ያስፈልግሃል፣ ሪፔር ውስጥ ገብተህ ማስነሻውን ታስጠግነዋለህ። አደራ ኢንስቶል የሚለውን እንዳትጫን፣ ሪፔር ነው ያልኩህ።