ደሴት የመሰለችው መርከብ

ልጆቼ፣ ዕድሜውን በመርከብ ሞተር ክፍል የጨረሰ ሰው ምክር ሲጠየቅ ስለ መርከብ ማውራቱ አይቀርምና ታገሡኝ።

በሆላንድ፣ ዴን ሄልደር ባለው የባሕር ኃይል ሙዚየም አብርሃም ክራይንሰን የምትባል ትንሽ መርከብ አለች። እ.ኤ.አ. በ1936 ውኃ ላይ የወረደች ፈንጂ ጠራጊ ናት። ከኋላዋ የብረት ገመድ ትጎትታለች፤ ገመዱ ፈንጂውን ከባሕሩ ወለል ጋር ያሰረውን ሽቦ ይቆርጠዋል፤ ፈንጂው ብቅ ሲል በጥይት ይመታል። የባሕር ጠረጋ ነው እንግዲህ። ለጠረጋ ደግሞ ማን ፈጣን መርከብ ይሰጣል? ፍጥነቷ 15 ኖት፣ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1942 መጀመሪያ ጃፓኖች በጃቫ ባሕር ውጊያ ድል ሲያደርጉ፣ ያኔ በሆላንድ ሥር በነበረችው በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ፣ ሱራባያ ወደብ የነበረችው ይህች መርከብ ወደ አውስትራሊያ እንድታመልጥ ታዘዘች። ባሕርተኞቿ እንደማይሮጡ ያውቃሉ፤ እንደማይዋጉም ያውቃሉ። ስለዚህ ከደሴቶቹ ዛፍ ቆርጠው መርከቧን አለበሷት፤ የቀረውን አካሏን እንደ ቋጥኝ ቀቡት። ቀን ቀን ዳርቻ ተጠግተው መልሕቅ ይጥላሉ፤ የሚጓዙት ሌሊት ነው።

ብዙ ሰው የሚደነቀው በቅጠሉ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ያ ሁሉ ቀን ነው፤ አውሮፕላን ከላይ እያንዣበበ ዝም ብሎ መቀመጥ። የምትንቀሳቀስ ደሴት የለችማ!

በዚያው ባሕር ከነበሩት ከእርሷ ጋር አንድ ዓይነት ከሆኑት ሦስት እህት መርከቦቿ ሁለቱን የገዛ ባሕርተኞቻቸው አሰመጧቸው፤ አንዷን ጃፓኖች። እርሷ ግን አውስትራሊያ፣ ጄራልድተን ወደብ ደረሰች። በአውስትራሊያ ባሕር ኃይል ሥር አጃቢ ሆና አገልግላ፣ በ1943 ለሆላንዶች ተመለሰች፤ በኋላም የወጣቶች መለማመጃ ሆነች።

እኔ በእናንተ ዕድሜ ይህን ድፍረት አልነበረኝም። የራስን ድክመት ቆጥሮ የማመን ድፍረት ማለቴ ነው። አንድ ጊዜ ባሕር መካከል አንድ የሞተር ኩሽኔታ መጋል ጀመረ። አለቃዬ «ወደብ ያደርሰናል?» ሲሉኝ፣ አላውቅም ማለት አፍሬ «ያደርሰናል» አልኩ። አላደረሰንም፤ ሞተሩ ቆሞ ሁለት ሌሊት በማዕበል ተንገላታን።

አልተቆጡኝም። አንድ ደብተር ሰጡኝና «ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የማይሠራውን ጻፍ፤ የሚሠራውን ሁላችንም እናየዋለን» አሉኝ። ደብተሩ አሁንም አለ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በተንቀጠቀጠ እጅ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፦ «የሁለተኛው ፓምፕ ድምፅ ደስ አላለኝም፤ ምክንያቱን አላውቅም።»