ጨጓራዬ ከተቀነሰ አምስት ሳምንቴ ነው፤ አማቴ ግን ገንፎ ይዘው ቆመዋል

ጥያቄ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን ዶክተር። የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ ደሴ ነው የምኖረው። ክብደቴ 118 ኪሎ ደርሶ፣ ስኳርም ይዞኝ፣ ጉልበቴም አላስኬድ ብሎኝ አዲስ አበባ ሄጄ ጨጓራን የሚያሳንሰውን ኦፕራሲዮን ተሠራሁ። ስሊቭ ይሉታል። አልሐምዱሊላህ፣ አምስት ሳምንት ሞላኝ፤ 13 ኪሎ ቀንሻለሁ። ስወጣ የሰጡኝ የምግብ ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፤ ብሮኮሊ የሚባል አትክልትና ተርኪ የሚባል ወፍ ሥጋ ብሉ ይላል። አማቴ ደግሞ «ሆድሽ ተከፍቶ ተዘግቷል፣ ወገብሽ ይጥና» እያሉ ገንፎ በቅቤ ያቀርቡልኛል። እምቢ ስል ይከፋቸዋል። እንጀራ መቼ ነው የምበላው? ቡናስ? ረመዳን እየደረሰ ነው፣ መጾም እችላለሁ? ጸጉር ይረግፋል የሚባለውስ እውነት ነው? የስኳር ክኒኔን ግሊቤንክላሚድን እንደ ድሮው እየዋጥኩ ነው። ሌላው ደህና ነኝ። ከአሥር ቀን ወዲህ ግን የቀመስኩትን ሁሉ ያስመልሰኛል፤ እግሬንም ትንሽ ይደነዝዘኛል። ከድካም ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

ዘ.፣ ከደሴ

መልስ

እህቴ፣ ብዙ ታማሚ ዋናውን ነገር የሚነግረኝ ነጠላውን አስተካክሎ ከተነሣ በኋላ ነው። እርስዎም እንደዚያው አደረጉኝ። ገንፎውና እንጀራው ይቆዩን። የመጨረሻዎቹ ሦስት መስመሮች ናቸው ያስደነገጡኝ።

ለአሥር ቀን ማስመለስና የእግር መደንዘዝ አንድ ላይ ሲመጡ ድካም አይባሉም። ቫይታሚን ቢ1 የሚባል ነገር አለ፤ ታያሚንም ይሉታል። ሰውነታችን ይህን ቫይታሚን ብዙ አያጠራቅምም። ያለን ክምችት ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቢቆይ ነው። እርስዎ አምስት ሳምንት ሙሉ የበሉት ጥቂት ነው፤ ያንንም እያስመለሱት ነው። ቢ1 ሲያልቅ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ እግር ይደነዝዛል ወይም ያቃጥላል። ቀጥሎ አካሄድ ይንገዳገዳል፣ ዓይን አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል፣ ሐሳብም ይምታታል። እዚያ ከደረሰ በኋላ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። አሁን ከተያዘ ግን መድኃኒቱ ቀላልና ርካሽ መርፌ ነው።

ስለዚህ ነገ ሳይሉ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። ድንገተኛ ክፍል ሲገቡ ይህን ቃል በቃል ይበሉ፦ «ከአምስት ሳምንት በፊት ጨጓራዬ ተቀንሷል፤ አሥር ቀን እያስመለሰኝ ነው፤ እግሬ ይደነዝዛል፤ ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ቢ1 ይሰጠኝ።» ስልክዎ ላይ ይጻፉት፤ መናገር ቢያቅትዎ ባለቤትዎ ያሳዩ። ግሉኮሱን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ደክሞት ለመጣ ሰው ግሉኮስ መስቀል የተለመደ ነው። ሰውነት ስኳሩን ለማቃጠል ደግሞ የቀረችውን ጥቂት ቢ1 ይጨርሳታል። ቢ1 መቅደም ያለበት ለዚህ ነው።

ማስመለሱ ከየት እንደመጣ ደግሞ ይጣራል። አንዳንዴ የተረፈው ጨጓራ መሐል ላይ ይጠባል፤ በአፍ በሚገባ ካሜራ ታይቶ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ ይከፈታል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው አበላል ላይ ነው። እስኪታዩ ድረስ ጠጣር ነገር ይተዉ፤ ፈሳሽ ብቻ፣ በትንሽ በትንሹ ይውሰዱ።

ግሊቤንክላሚድም ሌላው ጭንቀቴ ነው። ይህ ክኒን በሉም አልበሉም ስኳር ያወርዳል። የታዘዘልዎት 118 ኪሎ ሳሉ፣ ሙሉ ሳህን ሲበሉ ነበር። ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ ስኳር በቀናት ውስጥ የሚወርድበት ሰው ብዙ ነው። እንግዲህ እያስመለሱ ይህን መዋጥ ሌሊት ራስን ስቶ ማደር ሊያመጣ ይችላል። ስኳርዎን ይለኩ፤ ሐኪም አይቶ መጠኑን እስኪወስን ክኒኑን አይዋጡ። ካላበዎት፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ፣ ልብዎ ከመታ፣ ልኬቱም ከ70 በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ፉት ይበሉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግመው ይለኩ።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ።

በስሊቭ ከጨጓራ ውስጥ ሦስት አራተኛ የሚሆነው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተቆርጦ ይወጣል። የሚቀረው እንደ ሙዝ ያለ ቀጭን ቱቦ ነው። ስንት ይይዛል? ቤትዎ ያለውን የቡና ሲኒ ያምጡ። ከፋርማሲ የ10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ይግዙና በውሃ እየሞሉ ሲኒው ውስጥ ይጨምሩ። ሰባት ጊዜ ገደማ ሲጨምሩ ይሞላል፤ 70 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። አዲሱ ጨጓራዎ መጀመሪያ ላይ የሚይዘው እንዲህ ያለ ሁለት ሲኒ ቢሆን ነው። አንድ የእናት ጉርሻ አንዱን ሲኒ ይሞላል ማለት ይቻላል። «በሞቴ» ተብሎ ሁለተኛው ሲደገም ምሳዎ አልቋል ማለት ነው። ሦስተኛው ወዴት እንደሚሄድ አሥር ቀን ሙሉ አይተውታል።

ሲኒውን አይጣሉት፤ ከእንግሊዝኛው ወረቀት ይበልጣል። ውሃም በእሱ ይጠጡ። ቡና ከአቦል እስከ በረካ ሦስት ሲኒ ነው። የእርስዎ ውሃ ግን በቀን 22 ሲኒ ገደማ፣ ማለትም ሊትር ተኩል መድረስ አለበት። አንዱን ሲኒ በሩብ ሰዓት ውስጥ ፉት እያሉ ይጨርሱ፤ በሰዓት አራት ሲኒ ይሆናል። ከምግብ ጋር አይጠጡ። ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ውሃና ምግብ በዚያች ጠባብ ቱቦ አብረው አይገቡም፤ አንዱ ሌላውን ገፍቶ ያስወጣዋል። ሽንትዎ ከጠቆረ ሲኒው አልሠራም ማለት ነው።

ስለ አማትዎ። እሳቸውን አይጣሏቸው፣ ሥራ ይስጧቸው። ወሎ ውስጥ ለታመመ ሰው ምንም አለማቅረብ ነውር ነው። እሳቸው የሚያውቁት ፍቅር ደግሞ በገንፎ በኩል ነው የሚሄደው። ገንፎ ምንድን ነው? ዱቄትና ቅቤ። ያጣብቃል፣ ያብጣል፣ ቱቦው አፍ ላይ እንደ ጭቃ ይቀመጣል። የሚፈለገውን ፕሮቲን ደግሞ አይሰጥም። በስኳር የተቀመመ አጥሚትም የገንፎ ወንድም ነው። አሁን ጡንቻዎና ቁስልዎ የሚፈልጉት በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ነው። ስለዚህ «እማዬ፣ ሐኪሙ ምስር በእርስዎ እጅ ይሠራልኝ አለ» ይበሏቸው። እውነትም ብያለሁ።

ማስመለሱ ቆሞ ሐኪም ሲፈቅድልዎ የአንድ ቀን ምግብዎ ይህን ይመስላል። ጠዋት አንድ እንቁላል፣ ለስለስ ብሎ የተጠበሰ፣ ዘይት የቀነሰ፤ 6 ግራም ፕሮቲን አለው። ረፋድ ላይ አንድ ብርጭቆ ወተት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ፉት እየተባለ፤ 8 ግራም። ወተቱ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት ቢበጠበጥበት 5 ግራም ይጨምራል። ምሳ ላይ ተፈጭቶ የተቀቀለ ምስር ወይም ቀጭን ሽሮ፣ በርበሬው የቀለለ፣ አራት አምስት ማንኪያ። ከሰዓት እርጎ ወይም አይብ። ማታ ዓሣ። ዓሣ የሚገኝበት ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፤ ዓሣ ከበግ ሥጋ ይልቅ ለእርስዎ ይስማማል። ይቀቀል፣ አጥንቱ በጣት እየተፈተሸ ይውጣ፣ በሹካ ይፈረካከስ። የበግ መረቅ ያጽናናል፤ ቅባቱ ከላይ ከተገፈፈ ጥሩ ነው። ግን ውሃው ላይ ያለው ፕሮቲን ጥቂት ስለሆነ በመረቅ ብቻ በላሁ አይበሉ። ሁልጊዜ ፕሮቲኑን ያስቀድሙ። አንዱን ጉርሻ ሃያ፣ ሠላሳ ጊዜ ያኝኩ። አንድ ማንኪያ ሲቀር ጠገብኩ ካሉ ያቺን ማንኪያ ይተዉዋት። ያቺ ናት የምታስመልሰው።

እንጀራ ከስምንተኛው ሳምንት በኋላ ይሞከር፤ ያውም በወጥ የራሰ ፍትፍት፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ። ትኩስ ድፎ ዳቦ ከሁሉም ይከፋል፤ ዓመት ሙሉ ያልተስማማው ሰው አውቃለሁ። ቡና ቢያንስ ሁለት ወር እስኪሞላ ይቆይ፤ ከዚያ ቀጠን ያለ አንድ ሲኒ ይበቃል። ከቡናው ይልቅ የምፈራው የቡና ቁርሱን ነው። ቆሎው በአቦል እፍኝ፣ በቶና እፍኝ፣ በበረካ እፍኝ ሲባል ኪሎው ተመልሶ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው። ብርዝ፣ ለስላሳና ጭማቂ በስኳር ከሆነ አይጠጡ። ባይፓስ (ጨጓራውን አሳንሶ ምግቡን በአቋራጭ ወደ አንጀት የሚያሻግረው ሌላው ኦፕራሲዮን) የተሠሩ አንባቢዎች ደግሞ ይህን ከእርስዎ በላይ ይስሙኝ። እነሱ ላይ ጣፋጭ በቀጥታ አንጀት ውስጥ ይገባና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልባቸዋል፣ ልባቸው ይመታል፣ ተቅማጥም ይከተላል።

ጫት የሚቅሙ ወንዶችም ይጽፉልኛል፤ በዚሁ ልመልስላቸው። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ጨጓራ ያስቆጣል። ጨጓራው ለተቆረጠ ሰው ሦስቱም ጠላቶቹ ናቸው።

ረመዳንን የዘንድሮውን ይተዉት። በአምስት ሳምንት ጨጓራ፣ በስኳር ክኒን፣ ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ መዋል አይሞከርም። ምግቡም እንቅልፉም ተጨምሮ 22 ሲኒ ውሃ ከመግሪብ እስከ ሱሑር ማስገባት ይከብዳል። ቢያንስ ስድስት ወር ይለፍ፤ ስኳርዎና የደም ምርመራዎ ታይቶ ለሚቀጥለው ዓመት እንመካከራለን። ለበሽተኛ ፈቃድ እንዳለ፣ ቀዷውም (ያልተጾመውን ቆይቶ መጾም) እንደሚወጣ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሁዳዴን ለሚጾሙም መልሱ አንድ ነው፤ ወተቱና እንቁላሉ ሲወጣ ፕሮቲኑን መሙላት ይከብዳል፤ የንስሐ አባታችሁን አነጋግሩ።

ጸጉር? አዎ፣ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ባለው ጊዜ ይረግፋል። ሥሩ ስለማይሞት ይመለሳል። ፕሮቲንና ብረት ከጎደለ ግን ይዘገያል።

ቫይታሚን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ደህና ነኝ ሲል የሚያቆመው እሱን ነው። ለስድስት ወር የሚወሰድ ኮርስ አይደለም፣ የዕድሜ ልክ ነው። «ጤፍ እበላለሁ፣ ጤፍ ብረት አለው» የሚለኝ ሰው በዝቷል። በሁለት ሲኒ ጨጓራ የሚገባው ጤፍ ስንት ነው? የወር አበባ የምታይ ሴት ብረት በክኒን ያስፈልጋታል። ቢ12 ክኒኑ ካልተገኘ በየወሩ የ1000 ማይክሮግራም መርፌ ይበቃል። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲም አሉ። ካልሲየሙ ሲትሬት የሚባለው ቢሆን ይሻላል፤ ካርቦኔት ብቻ ከተገኘ ከምግብ ጋር ይዋጡት። ብረትና ካልሲየም ይጣላሉ፤ በመካከላቸው ሁለት ሰዓት ይሁን። ብረቱን ከቡናና ከሻይም ያርቁት። ሁሉንም ጠዋት በአንድ እፍኝ መዋጥ ግማሹን መጣል ነው።

ራስዎን ሲያምዎ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሳይሆን ፓራሲታሞል ይውሰዱ። እነዚያ ጨጓራ ያቆስላሉ፤ ባይፓስ ለተሠራ ደግሞ ፈጽሞ አይሆኑም። እርግዝና እስከ 18 ወር ይቆይ። ክብደት ሲቀንስ ሳይታሰብ መጸነስ ይቀላልና ሉፕ ወይም በክንድ የሚቀበረውን ያስቡበት። ከአምስት ኪሎ በላይ አሁን አያንሡ፤ እንስራም፣ ልጅም ቢሆን። የቀኝ ጎንዎን ከጎድን ሥር አጥብቆ ካመመዎት ሐሞት ጠጠር ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ለሚከሳ ሰው የተለመደ ነው። ትኩሳት፣ አልበርድ ያለ ፈጣን የልብ ምት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ አንድ እግር ብቻ ማበጥ ካዩ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው።

የደም ምርመራዎ በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር ነው። ቢ1፣ ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ እንዲታዩ ይጠይቁ። ለክትትል አዲስ አበባ ሲወርዱ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እግር አጥፎ መዋል ደም ያረጋል፤ ከሚሴ ላይ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ወርደው አሥር አሥር ደቂቃ ይራመዱ። ሲኒዎንና ውሃዎን ይያዙ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ሲያንኳኩ ይግዙ፤ ለአማትዎ።