ከጩኸቱ በፊት ሕጉን ቁጠሩ

ልጆቼ፣ ስታቲስቲክስ ጀምራችሁ በስፖርት ቁጥር ለመለማመድ ካሰባችሁ፣ የሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ ኤንኤችኤል ደህና መማሪያ ነው። ባለሜዳው ከ100 ጨዋታ 54 ወይም 55 ያህሉን ያሸንፋል። ይህን ያየ ሁሉ «ደጋፊው ነዋ!» ይላል። አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ሕጉ ራሱ ለባለሜዳው የሰጠውን ለዩ። ጨዋታ ሲቆም ቀድሞ ተጫዋች የሚያስገባው እንግዳው ነው። የባለሜዳው አሰልጣኝ ማን እንደገባ አይቶ የራሱን ይልካል፤ በተጋጣሚው ዋና አጥቂ ላይ ምርጥ ተከላካዮቹን ይለጥፍበታል። መሀል ሜዳ ላይ ፓክ (የሚመታው ጠፍጣፋ ክብ ጎማ) ሲጣልም ዱላውን ቀድሞ በረዶው ላይ የሚያኖረው እንግዳው ነው፤ የሚጠቀመው ደግሞ ዘግይቶ ያኖረው ነው። ይህ ሁሉ ባዶ አዳራሽ ውስጥም ይሠራል። ልትለኩት ትችላላችሁ፦ ጨዋታው ሳይቆም በሚደረግ ቅያሪ ይህ መብት የለም። ስለዚህ ከፉጨት በኋላ የገቡ ተጫዋቾችን ደቂቃ በጨዋታ መሀል ከገቡት ለይታችሁ የጎል ሙከራ ልዩነቱን አወዳድሩ። አይሲንግ የሠራ (ፓኩን ከራሱ አጋማሽ እስከ ተጋጣሚው የጎል መስመር ማዶ የመታ) ቡድን መቀየር ስለሚከለከል ከዚያ በኋላ ያሉትን ደቂቃዎች አውጧቸው።

«የትኛው ሜዳ ያስፈራል?» ብላችሁ ደረጃ ማውጣት ያምራችኋል። በ2023–24 እያንዳንዱ ቡድን በሜዳው የተጫወተው 41 ጊዜ ነው። እውነተኛ ዕድሉ 55 በመቶ የሆነ ቡድን በአጋጣሚ ብቻ ከ16 እስከ 29 ድል ሊያገኝ ይችላል! ደግሞም ጠንካራ ቡድን የትም ያሸንፋል፤ ጥቅሙ የሚታየው ከሜዳው ውጪ ካገኘው ጋር ባለው ልዩነት ነው፤ የዚያ ልዩነት መደበኛ ስህተት (በአጋጣሚ ብቻ የሚዋዥቅበት መጠን) ደግሞ 11 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ነው። የሊጉን 1,312 ጨዋታ አንድ ላይ ስትወስዱ ግን የባለሜዳው ድል መቶኛ ስህተት ወደ 1.4 የመቶኛ ነጥብ ይወርዳል። በሊጉ ተናገሩ፣ በቡድኑ ዝም በሉ።

የአካል ግጭት ቁጥርን አትመኑ። የሚመዘግበው የየአዳራሹ ሰው ስለሆነ አንዱ የቆጠረውን ሌላው ያልፈዋል። ጎል ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ግብ ጠባቂው በተጨማሪ አጥቂ ተተክቶ መረቡ ባዶ ሳለ የገባው ልዩነቱን ያጋንናል።

2020–21 ብዙው ጨዋታ ያለ ተመልካች ወይም በጥቂት ተመልካች ፊት ስለተደረገ የደጋፊን ድርሻ ለብቻው የሚያሳይ ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ዓመት ቡድኖቹ ከየምድባቸው አልወጡም፤ አንዱን ተጋጣሚ በአንድ አዳራሽ በተከታታይ ገጥመውታል። ጉዞውም ዕረፍቱም አብሮ ተለውጧል። ስለዚህ ሪግሬሽኑ (የብዙ ምክንያቶችን ድርሻ ለይቶ የሚገምተው ስሌት) ውስጥ የእያንዳንዱን ቡድን የዕረፍት ቀን አስገቡ፤ ትናንት ማታ ተጫውቶ ዛሬ የገባ እንግዳ ከሌላው ጋር አንድ መደብ ውስጥ አይቀመጥም።