የኦሹን ግዛት የገዥ ምርጫና የፓርቲዎቹ ዕጩ ማጣሪያ፦ ጥያቄና መልስ

በደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ በምትገኘው የኦሹን ግዛት በኦገስት 2026 የገዥ ምርጫ ይካሄዳል። ዋና ዋናዎቹ ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን የለዩት በዲሴምበር 2025 ነው። የናይጄሪያን ምርጫዎች ለዓመታት ስከታተል ስለቆየሁ፣ ከአንባቢያን የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው ለመመለስ እሞክራለሁ። ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የናይጄሪያ ገዥ ከእኛ ክልል ርዕሰ መስተዳድር ጋር ይመሳሰላል?

መልስ፦ በሥልጣን ደረጃ ይቀራረባሉ፤ በአመራረጥ ግን ይለያያሉ። በኢትዮጵያ የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር የሚሰየመው በክልሉ ምክር ቤት ሲሆን፣ በናይጄሪያ 36 ግዛቶች ግን ገዥውን ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጠዋል። የሥልጣን ዘመኑ አራት ዓመት ነው፤ ከሁለት ዘመን በላይም መምራት አይፈቀድለትም። ሌላው ትልቅ ልዩነት፣ እኛ ዘንድ አንድ ሰው በግል ዕጩነት መወዳደር ሲችል፣ የናይጄሪያ ሕገ መንግሥት ግን ለገዥነት የሚቀርብ ሰው የፓርቲ አባል እንዲሆንና ያ ፓርቲ እንዲያቀርበው ያስገድዳል። ስለዚህ ወደ ገዥነት የሚያስገባው በር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የፓርቲው ማጣሪያ ነው።

ጥያቄ፦ ናይጄሪያ ጠቅላላ ምርጫ የምታካሂደው በ2027 ከሆነ፣ ኦሹን ለምን ቀደመች?

መልስ፦ ምክንያቱ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። በ2007 በተካሄደው ምርጫ ኦላጉንሶዬ ኦዪንሎላ አሸናፊ ተብለው ነበር። ራውፍ አሬግቤሶላ ግን ውጤቱን ተቃውመው ከሦስት ዓመት በላይ ተከራከሩ፤ በኖቬምበር 2010 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አሸናፊው እሳቸው መሆናቸውን ወሰነ። አራቱ ዓመት መቆጠር የጀመረው ቃለ መሐላ ከፈጸሙበት ከኖቬምበር 27 ቀን 2010 ስለሆነ፣ የግዛቲቱ የምርጫ ጊዜ ከሌሎቹ ተለይቶ ቀረ። ዛሬ በተመሳሳይ መንገድ ከጠቅላላው ምርጫ የወጡ ግዛቶች ስምንት ደርሰዋል።

ጥያቄ፦ ማጣሪያው እንዴት ይካሄዳል? የሚመርጠው አባሉ ነው ወይስ አመራሩ?

መልስ፦ የዲሴምበሩ ማጣሪያ የተመራበት የ2022 የምርጫ ሕግ ሦስት መንገዶችን ይፈቅድ ነበር። አንደኛው ቀጥተኛው ሲሆን፣ የተመዘገበ አባል ሁሉ በየሰፈሩ ወጥቶ ይመርጣል። በዚህ ዘዴ ብዙ ጊዜ የድምፅ መስጫ ወረቀት እንኳን አይኖርም፤ አባላቱ ከሚደግፉት ተወዳዳሪ ወኪል ጀርባ ይሰለፉና ቆጣሪው ራስ በራስ እየነካ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል። ሁለተኛው በተወካዮች የሚደረገው ነው። ተወካዮቹ ጥቂት በመሆናቸው ድምፃቸውን በገንዘብ መግዛት ይቀላል፤ በ2022 ማጣሪያዎች ወቅትም ብርቱ ወቀሳ የተሰማው በዚሁ ላይ ነበር። ሦስተኛው ስምምነት ይባላል፤ ለውድድር ያለፉት ሁሉ ከፉክክሩ መውጣታቸውንና አንዱን መደገፋቸውን በጽሑፍ ካላረጋገጡ ግን ሕጉ አይቀበለውም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የማመልከቻ ቅጹ ዋጋ አለ። በ2022 የአገሪቱ ገዥ ፓርቲ ኤፒሲ ለገዥነት ዕጩዎች ቅጹን በ50 ሚሊዮን ናይራ፣ ዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ ፒዲፒ ደግሞ በ21 ሚሊዮን ናይራ ሸጠዋል። ደመወዝተኛ የሆነ ሰው፣ ምንም ያህል ብቁ ቢሆን፣ ከጀርባው ባለሀብት ከሌለ ከደጃፉ ይመለሳል ማለት ነው፤ እኔ ይህን ከድምፅ ግዢው ያላነሰ ጉዳት አድርጌ አየዋለሁ።

ጥያቄ፦ ማጣሪያ የፓርቲው የውስጥ ጉዳይ አይደለም ወይ? ለሕዝቡ ዋናው የምርጫው ቀን ይመስለኛል።

መልስ፦ ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ እኔ ግን አጥብቄ የምቃወመው ሐሳብ ነው፤ ማጣሪያው የምርጫው የመጀመሪያ ግማሽ ነው። እሱ ከተበላሸ መራጩ በፀሐይ ተሰልፎ የሰጠው ድምፅ ዋጋ ሊያጣ ይችላል፤ ይህም በተደጋጋሚ ደርሷል።

በ2007 በሪቨርስ ግዛት የፒዲፒን ማጣሪያ ያሸነፉት ሮቲሚ አማኤቺ ነበሩ። ፓርቲው ግን ስማቸውን ሰርዞ በሴለስቲን ኦሜሂያ ተካቸው፤ ኦሜሂያም ተወዳድረው አሸነፉ፣ ቃለ መሐላ ፈጽመውም ሥራ ጀመሩ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፓርቲው ሕጋዊ ዕጩ አማኤቺ መሆናቸውን ወሰነ፤ በምርጫው ቀን ዕጩ ሆነው ያልቀረቡት ሰው ገዥ ሆኑ። የናይጄሪያ የድምፅ መስጫ ወረቀት የፓርቲውን ስምና ምልክት እንጂ የዕጩውን ስም አይዝምና፣ ፍርድ ቤቱ ድምፁን የፓርቲው ነው ለማለት ችሏል።

የዛምፋራው ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። በ2019 ኤፒሲ በዚያች ሰሜናዊ ግዛት የገዥነቱን ምርጫ በሰፊ ልዩነት አሸንፎ ነበር። የፓርቲው አንጃዎች ግን በማጣሪያው ተጣልተው ስለነበር ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በሜይ 24 ቀን ፍርድ ቤቱ ፓርቲው ሕጋዊ ማጣሪያ አላካሄደም፣ ስለዚህ ያገኘው ድምፅ ሁሉ ባክኗል ብሎ ወሰነ። ከአምስት ቀን በኋላ ቃለ መሐላ የፈጸሙት ሁለተኛ የወጡት የፒዲፒው ቤሎ ማታዋሌ ናቸው። ያን ሁሉ ድምፅ የሰጠውን ገበሬ አስቡት፤ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም፤ ድምፁን ያሳጣው ስብሰባ ሲካሄድ እሱ አልተጠራም ነበር።

ጥያቄ፦ አሁን በኦሹን የሚፎካከሩት እነማን ናቸው?

መልስ፦ ጎልተው የሚታዩት ሦስት ናቸው። በሥልጣን ላይ ያሉት ገዥ አዴሞላ አዴሌኬ የአኮርድ ፓርቲ ዕጩ ሆነው ቀርበዋል። ኤፒሲ ያቀረበው ቦላ ኦዬባሚጂን ሲሆን፣ እሳቸው በቀድሞው ገዥ በግቦዬጋ ኦዬቶላ ዘመን የግዛቲቱ የፋይናንስ ኮሚሽነር የነበሩ ሰው ናቸው። ኤዲሲ ደግሞ የቀድሞውን የግዛቲቱን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ናጂም ሳላምን ይዟል፤ ከዚህ ፓርቲ ጀርባ ያሉት ዛሬ ብሔራዊ ጸሐፊው የሆኑት አሬግቤሶላ ናቸው።

የኤፒሲው ማጣሪያ በስምምነት የተጠናቀቀ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ኢዪዮላ ኦሚሶሬን ጨምሮ በርካታ ተወዳዳሪዎች በፓርቲው መርማሪ ኮሚቴ ከውድድር ታግደው ነበር። ኦሚሶሬ በኦሹን የምትገኘው የኢሌ ኢፌ ከተማ ሰው፣ የግዛቲቱ የቀድሞ ምክትል ገዥና የራሱ የኤፒሲ የቀድሞ ብሔራዊ ጸሐፊ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ገና ሳይወዳደር ሲታገድ፣ ተከታዮቹ በምርጫው ቀን ቤታቸው ቢቀሩ እንኳን ለፓርቲው ከባድ ኪሳራ ነው።

ጥያቄ፦ አዴሌኬ በፒዲፒ ተመርጠው አልነበር? ለምን ወጡ?

መልስ፦ አዎን፣ በ2022 ያሸነፉት በፒዲፒ ነው። እሳቸው የሰጡት ምክንያት የፓርቲው የብሔራዊ አመራር ቀውስ ሲሆን፣ ምክንያቱ ከላይ ከተናገርኩት የሚለይ አይደለም። ፒዲፒ እርስ በርሳቸው በሚጋጩ የፍርድ ቤት ትእዛዞች መካከል በኖቬምበር 2025 ኢባዳን ላይ ጉባኤ አካሂዶ፣ አንዱ ወገን ሌላውን አባሯል። ሕጋዊው አመራር ማን እንደሆነ ባልታወቀበት ፓርቲ ውስጥ ማጣሪያ ያሸነፈ ሰው የዛምፋራው ዕጣ ሊደርስበት ይችላል። አዴሌኬ ማጣሪያ ምን እንደሚያስከትል ያውቁታል፤ በ2022 በኦሹን ፒዲፒ ሁለት ትይዩ ማጣሪያዎች ተካሂደው፣ ዶቱን ባባዬሚ ትክክለኛው ዕጩ እኔ ነኝ በማለት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራክረዋቸዋል። ፓርቲ መለወጣቸውን የሚነቅፉ አሉ፤ እኔ ግን በሕግ በኩል ብልህ ውሳኔ ነበር እላለሁ። ችግሩ ለብዙ ዓመት የፒዲፒን ጃንጥላ እያየ ጣቱን ሲያሳርፍ የኖረው አሮጊትና ሽማግሌ አዲሱን ምልክት በቀላሉ ይለየዋል ወይ የሚለው ነው።

ጥያቄ፦ ለማሸነፍ ስንት ድምፅ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ከሁሉ የበለጠ ድምፅ ማግኘት፣ በተጨማሪም ከአካባቢ አስተዳደሮቹ ቢያንስ በሁለት ሦስተኛው ውስጥ ከተሰጠው ድምፅ ሩቡን ማግኘት ያስፈልጋል። ኦሹን 30 የአካባቢ አስተዳደሮች ስላሏት 20ው ይፈለጋሉ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በ2018 ምን ተፈጠረ? ሁልጊዜ ሲነሣ እሰማለሁ።

መልስ፦ በሴፕቴምበር 22 ቀን 2018 የፒዲፒው አዴሌኬ 254,698፣ የኤፒሲው ኦዬቶላ 254,345 ድምፅ አገኙ፤ ልዩነቱ 353 ብቻ ነበር። ውጤታቸው በተሰረዘባቸው ሰባት የምርጫ ጣቢያዎች የተመዘገበው መራጭ ከዚህ ልዩነት ስለሚበልጥ፣ ምርጫው አልተጠናቀቀም ተባለና ከአምስት ቀን በኋላ በእነዚያ ጣቢያዎች ተደገመ። በዚያ መካከል በሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲ ተወዳድረው ሦስተኛ የወጡት፣ አሁን ኤፒሲ ያገዳቸው እነዚሁ ኦሚሶሬ ድጋፋቸውን ለኦዬቶላ ሰጡ፤ ኦዬቶላም በ482 ድምፅ ብልጫ ገዥ ሆኑ።

በ2022 ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። አሬግቤሶላ በኤፒሲ ማጣሪያ የኦዬቶላን ተቃዋሚ ሞሹድ አዴኦቲን ደግፈው ሳይሳካላቸው ቀረ፤ ፓርቲው ተከፍሎ ወደ ምርጫው ገባና አዴሌኬ በ403,371 ለ375,027 አሸነፉ።

ጥያቄ፦ ቆጠራውን ማመን ይቻላል?

መልስ፦ ከጣቢያው የሚወጣውን በአብዛኛው አምነዋለሁ። መራጩ ሲደርስ ቢቫስ በተባለው መሣሪያ በጣት አሻራው ወይም በፊቱ ይታወቃል። ድምፅ መስጠቱ ሲያበቃ የጣቢያው ኃላፊ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ከገመዱ ማዶ የቆመው ሕዝብም አብሮት በአንድ ድምፅ ይቆጥራል፤ ከዚያ ወኪሎቹ የፈረሙበት ቅጽ በዚያው ይለጠፋል። ክርክሩ የሚነሣው ከዚያ ወዲያ ነው። የ2022ቱን ውጤት የአቤቱታ ችሎቱ በ744 ጣቢያዎች ማንነቱ በመሣሪያው ከተረጋገጠው መራጭ በላይ ድምፅ ተሰጥቷል በሚል በጃንዋሪ 2023 ሽሮት ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መለሰው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በሜይ አጸናው።

ጥያቄ፦ ዘፋኙ ዴቪዶ ምን አገናኘው?

መልስ፦ አዴሌኬ አጎቱ ናቸው። በ2022 በዘመቻው ላይ ከፊት ሆኖ ቀስቅሷል።

ጥያቄ፦ ውጤቱ ሲነገር የትኛውን አካባቢ ልከታተል?

መልስ፦ ሦስቱም ዕጩዎች የኦሹን ምዕራብ ሰዎች ናቸው፤ አዴሌኬ የኤዴ፣ ኦዬባሚጂ የኢኪሬ፣ ሳላም የኤጂግቦ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ምዕራቡ በሦስት ይከፈላል ብዬ እገምታለሁ። እኔ ቀድሜ የማየው የኢፌን አካባቢ ውጤት ነው፤ ከ2018ቱ ሰባት ጣቢያዎች ሦስቱ እዚያ ነበሩ፣ ኦሚሶሬም የዚያው ሰው ናቸው።