ስለ ተጠባባቂ አጥቂ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ

ዘጠኝ ቁጥር፦ የዝውውር መስኮት በተከፈተ ቁጥር "ሁለተኛ አጥቂ ማን ይሻለናል?" የሚል ጥያቄ ይዘንብብኛል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ እንጨርሰው። ለማታውቁኝ፣ ዘጠኝ ዓመት ኳስ ተጫውቼ ስድስቱን ያሳለፍኩት ወንበር ላይ ነው። ስለዚህ ወንበርን አውቀዋለሁ። ስለ ግብ ጠባቂ አትጠይቁኝ። ስለ ዝውውር ወሬም አትጠይቁኝ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ የአጥቂ ጎል ስትቆጥሩ ፍፁም ቅጣት ምቱን ቀንሱ፤ ከዚያ የተጫወተውን ደቂቃ ለተረፈው ጎል አካፍሉ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።

ቀይ ሰይጣን፦ ጋሼ፣ ተጠባባቂው ከዋናው አጥቂ ጋር የሚመሳሰል ይሁን ወይስ የተለየ?

ዘጠኝ ቁጥር፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። ተጠባባቂ አጥቂ ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ዋናው ሲጎዳ ስድስት ሰባት ጨዋታ በቋሚነት መጀመር ነው። ሌላው 70ኛው ደቂቃ ላይ ገብቶ ጨዋታ መቀየር። እነዚህ ሥራዎች ሁለት ዓይነት ሰው ይፈልጋሉ። ክለቦች ግን አንድ ሰው ገዝተው ሁለቱንም ይጠብቁበታል። ከዚያ ተሸወድን ይላሉ።

ለመጀመሪያው ሥራ የሚመሳሰል ይሻላል። ቡድኑ ኳስ የሚያደርሰው በለመደው መንገድ ነው። አንድ ሰው ስለተጎዳ አስሩ አዲስ ነገር መማር የለባቸውም። ለሁለተኛው ሥራ ግን የተለየ ሰው ነው የምፈልገው። ተከላካዩ 70 ደቂቃ ሙሉ ፈጣን አጥቂ ሲያሳድድ ቆይቶ፣ ድንገት ጀርባውን ሰጥቶ የሚገፋው ረጅም ሰው ሲመጣበት ሒሳቡ ሁሉ ይፈርስበታል።

ጆሴሉን አስታውሱ። ለ2023/24 ሪያል ማድሪድ ከኤስፓኞል በውሰት ወሰደው። ኤስፓኞል እኮ ገና ከሊጉ መውረዱ ነበር! ሰው ሳቀ። ሜይ 8 ቀን 2024፣ በቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍፃሜ ባየርን 1 ለ 0 እየመራ፣ 81ኛው ደቂቃ ላይ ገባ። 88ኛው ላይ ቪኒሲየስ መታ፣ ኳሷ ከበረኛው ኖየር እጅ አመለጠች፣ ጆሴሉ እዚያው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሩዲገር አሻገረለት፣ እሱ ጨረሰ። ቪኒሲየስና ሮድሪጎ ሦስት ሰው አታለው ያልፋሉ። በረኛው የሚተፋትን ኳስ ቆሞ መጠበቅ ግን የእነሱ ሥራ አይደለም። ጆሴሉን ለዚያ ነው ያመጡት።

ዝምተኛው፦ ጋሼ ማንን እንግዛ?

ዘጠኝ ቁጥር፦ እናንተ እነማን ናችሁ? ዋናው አጥቂያችሁ ምን ዓይነት ነው? ለሁለተኛው ስንት ደቂቃ ትሰጡታላችሁ? ይህን ሳትነግረኝ ስም ብጠራልህ ምን ያደርግልሃል?

መድፈኛው፦ ግን ለምን እንገዛለን? ሌላ ቦታ የሚጫወት ሰው ወደ ፊት ማምጣት አይቻልም? ሜሪኖ አማካይ ሆኖ ሳለ ለእኛ ለአርሰናሎች ጎል አግብቶልናል።

ዘጠኝ ቁጥር፦ ሜሪኖን እዚያ ያቆማችሁት ስለቸገራችሁ ነው። ጃንዋሪ 2025 ላይ አጥቂያችሁ ጄሱስ ጉልበቱን ተጎዳ። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ አጥቂ አልገዛችሁም። መስኮቱ ተዘጋ፣ ፌብሩዋሪ ላይ ሌላው አጥቂያችሁ ሃቨርትዝ የጭኑን ጡንቻ ተጎዳ። ሜሪኖ ሌስተር ላይ ተቀይሮ ገብቶ ሁለት ሲያገባ እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ምን ልዋሽ። ግን ያ ጥሩ ዕድል እንጂ ዕቅድ አልነበረም። በቀጣዩ መስኮት አጥቂውን ዮኬሬስን የገዛችሁት ለምን ይመስልሃል?

መድፈኛው፦ ዋንጫ ያጣነው በአጥቂ ብቻ አይደለም። ቀይ ካርዶቹስ?

ሲቲዝን፦ ተጀመረ የዳኛ ለቅሶ።

መድፈኛው፦ አንተ ዝም በል። አልቫሬዝን ሸጣችሁ ምን እንደሆናችሁ አይተናል።

ሲቲዝን፦ በርካሽ ገዝተን በውድ ሸጥን። ንግድ ይሉሃል ይሄ ነው።

ዘጠኝ ቁጥር፦ የዳኛውን ጉዳይ ሌላ ቦታ ጨርሱ። አልቫሬዝን ካነሳችሁ ግን ዝም አልልም። ልጁ በ2022 ከሪቨር ፕሌት ወደ ማንቸስተር ሲቲ መጣ። ሃላንድ ሲያርፍ እሱ አጥቂ ነው። ሃላንድ ሲጫወት ከኋላው አማካይ ይሆናል። ሁለቱንም ሥራ የሚሠራ አንድ ሰው ማለት ይሄ ነው፤ እንዲህ ያለ ስንት አለ? ኦገስት 2024 ወደ አትሌቲኮ ሄደ። ሲቲ እስከ ጃንዋሪ ድረስ፣ ማርሙሽ እስኪመጣ፣ ምትክ አልገዛም። አራት ዓመት ተከታትሎ የወሰደውን ሊግ ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። አማካዩ ሮድሪም ተጎድቶ ነበርና ሁሉንም በአጥቂ አላሳብብም። ግን ሃላንድን የሚያሳርፈው ሰው እንዳልነበረ ዓይን ያለው አይቷል።

ሲቲዝን፦ ልጁ ራሱ ነው መሄድ የፈለገው።

ዘጠኝ ቁጥር፦ እኔስ ምን አልኩ? ጥሩ ወጣት ሁለት ዓመት ወንበርህ ላይ ከተቀመጠ ይሄዳል። ይህን አውቀህ ምትኩን ቀድመህ ነው የምታዘጋጀው።

ሜሪ፦ ታዲያ ወጣት ይገዛ ወይስ ልምድ ያለው?

ዘጠኝ ቁጥር፦ እህቴ፣ ዕድሜውን ሳይሆን ምን እንደሚፈልግ እዪ። የ21 ዓመት ልጅ መጫወት ይፈልጋል፤ መብቱም ነው። ዮቪችን እዪው። ከፍራንክፈርት በ60 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ሪያል የወሰደው በ2019 ነው። ፊቱ ቤንዜማ ነበር። ቤንዜማ አልተጎዳ፣ አልደከመ። ልጁ ደቂቃ ሳያገኝ ደረቀ። ጎል ማግባት አልረሳም፤ አጥቂ ካልተጫወተ ይዝጋል።

ዢሩን ደግሞ ተመልከቺ። ቼልሲ በጃንዋሪ 2018 ከአርሰናል ሲወስደው 31 ዓመቱ ነበር። አንድ ሳምንት ይጫወታል፣ ሦስት ሳምንት ይቀመጣል። ሲጠሩት ዝግጁ ነው። በ2018/19 የዩሮፓ ሊግ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ፣ 11 ጎል። በዲሴምበር 2020 ሴቪያ ላይ ብቻውን አራት አገባ። ማንነቱን የሚያውቅ ሰው ወንበር አያስፈራውም።

ግራ እግር፦ ዢሩ እኮ በ2018 የዓለም ዋንጫ አንድም ኳስ ዒላማ ላይ አልመታም! ይሄ አጥቂ ነው?

መድፈኛው፦ ዋንጫውን ግን በላ።

ግራ እግር፦ ምባፔ በላለት በል።

ዘጠኝ ቁጥር፦ ምባፔ የሮጠበትን ቦታ ማን የከፈተ ይመስልሃል? እንቀጥል።

ዳታው፦ አንድ አጥቂ እየተከታተልኩ ነው። ስሙ ይቆይ። በመካከለኛ ክለብ 18 ጎል አግብቷል። ለትልቅ ክለብ ሁለተኛ አጥቂ አይሆንም?

ዘጠኝ ቁጥር፦ ስንቱ ፍፁም ቅጣት ምት ነው? በስንት ደቂቃ?

ዳታው፦ ሰባቱ። 2,900 ደቂቃ።

ዘጠኝ ቁጥር፦ መጀመሪያውኑ ምን ብዬ ነበር? ቀንስ። 11 ቀረ። አካፍል። በ264 ደቂቃ አንድ ጎል ማለት ነው። ሳትቀንስ ብታካፍለው በ161 ደቂቃ አንድ ይመስልህ ነበር። ትልቁ ክለብ ሲሄድ ፍፁም ቅጣት ምቱን ማን ሊሰጠው? ዋናው አጥቂ ነው የሚመታው። ሌላም አለ። መካከለኛ ክለብ ወደ ኋላ አፈግፍጎ በመልሶ ማጥቃት ነው የሚጫወት። ልጁ ፊቱ ሜዳ ሙሉ ክፍት ቦታ አለው። ትልቅ ክለብ ሲገባ አሥር ሰው ሳጥን ውስጥ ተከማችቶ ይጠብቀዋል። ከ11ዱ ስንቱን በጠባብ ቦታ፣ በአንድ ንክኪ እንዳገባ ቁጠርና ና።

አንፊልድ፦ ከወንበር ተነስቶ እንደ ሊቨርፑላችን ኦሪጊ የሚያገባ የለም።

ቀይ ሰይጣን፦ የዩናይትዱ ሶልሻየር። አለቀ።

አንፊልድ፦ ኦሪጊ እኮ በ2019 ቻምፒየንስ ሊግ ባርሴሎና ላይ ሁለት አግብቷል።

ቀይ ሰይጣን፦ ያኔ ከወንበር አልተነሳም! ሳላህና ፊርሚኖ ተጎድተው በቋሚነት ነው የጀመረው። ሒሳብህን አስተካክል።

አንፊልድ፦ ፍፃሜውስ? ቶተንሃም ላይ ተቀይሮ ነው የገባው። 87ኛው ደቂቃ ላይ ጨረሰው።

ቀይ ሰይጣን፦ ሶልሻየር በ1999 ፎረስት ላይ ተቀይሮ ገብቶ አራት! አራት!

ግራ እግር፦ ወደ ቁምነገሩ እንመለስ። ጋሼ፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ምን ይሠራል? ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው?

ዘጠኝ ቁጥር፦ ይህን የጠየቅህ ተባረክ። ሰው ሁሉ ተጠባባቂን የሚመዝነው ሲገባ ነው። እኔ የምመዝነው ሳይገባ ነው።

ሶልሻየር ወንበር ላይ ሆኖ ተከላካዮቹን ያጠና እንደነበር የታወቀ ነው። እኔም በአቅሜ እሞክር ነበር። አንድ ተከላካይ እመርጣለሁ። በየትኛው እግሩ ነው የሚዞረው? ከጨዋታ ውጪ ብሎ እጁን ሲያነሳ መሮጡን ያቆማል? 60ኛው ደቂቃ ካለፈ በኋላ ጉልበቱን ይዞ ማጎንበስ ጀምሯል? ጓደኛውን መቆጣት ሲጀምር ደክሟል ማለት ነው። እኔ እሱ ጋ ነው የምገባው።

አንድ ቀን ደግሞ ከቡድን ጓደኛዬ ጋር ወሬ ይዤ አሰልጣኙ ጠራኝ። ዘልዬ ተነሳሁ። የእግር መከላከያዬ የለም። ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ቦርሳው መልበሻ ክፍል ነው። ሮጬ ሄጄ ካልሲዬን እየጎተትኩ ስመለስ ሌላ ልጅ ገብቷል። አገባ። ለሁለት ወር ያህል ስሜ አልተጠራም።

ስለዚህ መልማዮችን የምለው አንድ ነው። ቪዲዮ ብቻ አትዩ፤ ካሜራው ኳሱን ነው የሚከተለው። ስታዲየም ሂዱ። 55ኛው ደቂቃ ላይ ሲያሟሙቅ እዩት፤ ፊቱ ወደ ሜዳው ነው ወይስ ወደ ደጋፊው? አሰልጣኙ ሌላውን ሲያስገባ ምን ያደርጋል? ጠርሙስ ይወረውራል? ጎል ሲገባ መጀመሪያ ከወንበር የሚነሳው ማነው? በ1999ኙ የቻምፒየንስ ሊግ ፍፃሜ ሶልሻየር የገባው 81ኛው ደቂቃ ላይ ነው። ቤካም ማዕዘን ሲመታ፣ ሼሪንግሃም በግንባሩ ሲነካት፣ እግሩ ቀድሞ ተዘርግቶ ነበር። ያቺ እግር ወንበር ላይ ነው የተዘጋጀችው።

አንፊልድ፦ ስለዚህ ሶልሻየር ከኦሪጊ ይበልጣል እያሉ ነው?

ዘጠኝ ቁጥር፦ እንደዚያ ወጣኝ? ራሳችሁ ተጨራረሱ።

ሜሪ፦ በጃንዋሪ በውሰት ማምጣትስ?

ዘጠኝ ቁጥር፦ ሲቸግር። ዩናይትድ በጃንዋሪ 2023 ቬግሆርስትን አመጣ። ልጁ ሮጠ፣ ተከላካዮችን ተጫነ፣ ላቡን አንጠፈጠፈ፤ በፕሪሚየር ሊጉ አንድ ጎል አላገባም።

ዳታው፦ ደሞዝ ስንት መከፈል አለበት?

ዘጠኝ ቁጥር፦ የሒሳብ ሹም ጠይቅ።

ዝምተኛው፦ እሺ ጋሼ፣ ከ25 ዓመት በታች ማንን እንግዛ?

ዘጠኝ ቁጥር፦ ወንድሜ፣ አሁንም ያው ጥያቄ ነው፤ ዕድሜ ጨመርክበት እንጂ። ሦስት ነገር ጠይቄህ ነበር። አንዱንም አልመለስክም።

ዝምተኛው፦ ይቅርታ። ዋናው አጥቂያችን ረጅም ነው፣ 29 ዓመቱ፣ ከሳጥን አይወጣም። በሳምንት ሁለት ጨዋታ አለብን። የሚገጥመን ሁሉ ተከማችቶ ነው የሚከላከለው። 1,500 ደቂቃ እንሰጠዋለን።

ዘጠኝ ቁጥር፦ አየህ፣ አሁን መነጋገር ይቻላል! 1,500 ደቂቃ ትንሽ አይደለም። አምስት ቅያሪ ከተፈቀደ ወዲህ፣ ቻምፒየንስ ሊጉም የመጀመሪያውን ዙር ከ2024/25 ጀምሮ ከስድስት ወደ ስምንት ጨዋታ ካሳደገ ወዲህ፣ ቃልህን መጠበቅ ትችላለህ። ከተከላካይ ጀርባ የሚሮጥ አትግዛ። ተከማችተው ለሚጠብቁህ ቡድኖች ከጀርባ ምን ቦታ አላቸው? ሌላ ረጅምም አትግዛ። አጭር ይሁን፣ በሁለት እግሩ የሚመታ፣ ወደ ኋላ ወርዶ ኳስ የሚቀበል። ሲጨንቅህ ከረጅሙ ጋር አብሮ የሚቆም። በመስመርም መጫወት ከቻለ ደቂቃው በዚያ ይሞላለታል። ዕድሜው 24፣ 25። ሁለት ዓመት ይቆይልሃል፣ ከዚያ አትርፈህ ትሸጠዋለህ። ጎሉን ስትቆጥር ግን...

ዝምተኛው፦ ፍፁም ቅጣት ምቱን እቀንሳለሁ።

ዘጠኝ ቁጥር፦ እግዚአብሔር ይስጥህ።

ሲቲዝን፦ ጋሼ፣ ሁለተኛ ግብ ጠባቂስ እንዴት ነው የሚመረጠው?

ዘጠኝ ቁጥር፦ ደህና እደሩ።